ከዋቸሞ እስከ ሆሳዕና፦ በሀዲያና በከምባታ ምድር የከበዱ ቃላት

የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫነትን የደረበችው ሆሳዕና፣ ቃል በሰው አፍ ውስጥ ዘመን ሲቆጥር ከመነሻው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል በገዛ ስሟ ታስረዳለች። ስሟ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን በመነሻው «እባክህ አድነን» የሚል የጭንቅ ልመና ነበረ፤ ልመናው ወደ ኢየሩሳሌም በሚወስደው መንገድ ዘንባባ ይዞ በወጣው ሕዝብ አፍ የደስታ እልልታ ሆነ፤ እልልታው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከፋሲካ በፊት ያለው እሑድ መጠሪያ ሆነ፤ የበዓሉ ስም ደግሞ፣ በሰፊው በሚነገረው ትውፊት መሠረት፣ ራስ አባተ ቧያለው ወደ ስፍራው የገቡት በዚያ ዕለት ስለነበረ፣ ቀድሞ ዋቸሞ ይባል በነበረው ቦታ ላይ ተተከለ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተሳፍሮ «ሆሳዕና ወራጅ አለ» የሚል መንገደኛ ልመናውንም እልልታውንም አያስበውም። ዋቸሞ የሚለው የቀድሞ ስም ግን ከሽማግሌዎች አፍ ሳይጠፋ ቆይቶ በከተማዋ በተከፈተው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ተጽፎ ተመልሷል፤ ስም የተተካበት ሰው ስሙን ቶሎ እንደማይረሳ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

በሆሳዕና አመሠራረት ውስጥ ያለው ሌላው ቃል ራሱ «ከተማ» ነው። «ከተመ» ማለት በጥንቱ አነጋገር ጉዞውን ገታ፣ ሰፈረ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ሲሆን፣ ከተማ የሚባለውም ንጉሥ ወይም መኰንን ከነጭፍራው የሚያርፍበት፣ ብዙ ጊዜም ዙሪያውን ለማየት በሚያመች ከፍታ ላይ የሚቆረቆርና በአጥር የሚከበብ የጦር ሰፈር ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ሠራዊት የሀዲያንና የከምባታን ምድር ሲይዝ የተቆረቆሩት ሰፈሮች ከተማ የተባሉት በዚህ የመጀመሪያው ትርጉም ነው። በሰፈሩ ውስጥ ለኖረው ወታደርና ለቤተሰቡ ቃሉ መጠጊያ ነበረ፤ ከሰፈሩ ውጭ በእንሰት ማሳው መካከል ለኖረው ገበሬ ግን እህልና ማር ተሸክሞ የሚወጣበት፣ ተከስሶ የሚቆምበት፣ አጥር ለማጠር ጉልበቱን የሚገብርበት ስፍራ ነበረ። የዛሬው አንባቢ በጥንታዊ ሰነድ ላይ «ከተማ» የሚለውን ሲያገኝ ሱቅና መብራት ያለውን ጎዳና ካሰበ፣ ቃሉን እያወቀው ነገሩን ስቶታል ማለት ነው።

ቃላት በዘመን ውስጥ የሚከብዱት ወይም የሚቀሉት በራሳቸው ድምፅ ሳይሆን በተናጋሪውና በሚነገርለት ሰው መካከል በቆመው ግንኙነት ነው፤ ግንኙነቱ ሲፈርስ ወይም ሲለወጥ ቃሉ ባዶውን ቀርቶ አዲስ ትርጉም ይሞላበታል፣ አለዚያም የአሮጌው ግንኙነት ቂም ሁሉ ተጭኖበት ስድብ ይሆናል። የሀዲያና የከምባታ ታሪክ ይህን ሁለቱንም መንገድ በጉልህ የሚያሳይ በመሆኑ፣ በአካባቢው የሚነገሩትን ጥቂት ቃላት አንድ በአንድ ማንሳት የመላውን አገር የአነጋገር ታሪክ ለመረዳት ይጠቅማል።

በመካከለኛው ዘመን ሀዲያ ከሸዋ በስተደቡብና በስተምሥራቅ ከነበሩት ኃያላን የእስልምና ግዛቶች አንዱ ሲሆን፣ ገዢዎቹ «ገራድ» በሚል የማዕረግ ስም ይጠሩ ነበር። ማዕረጉ በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ የጎሳ መሪዎች መጠሪያ ሆኖ እስካሁን ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ካገቧቸው ሴቶች መካከል እጅግ የታወቁት ንግሥት እሌኒ የሀዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ነበሩ፤ ከባላቸው ሞት በኋላም በቤተ መንግሥቱ በየዘመኑ ምክራቸው እየተሰማ ኖረው፣ አፄ ልብነ ድንግል ገና ሕፃን ሳሉ አገር በመምራት፣ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥም መልእክተኛ በመላክ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1522 እ.ኤ.አ. ድረስ ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። ታሪኩን በአማርኛ የሚያነብ ሰው ግን ከ«ገራድ» ጋር በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለይ ሌላ ቃል አፉ ላይ ስላለ፣ የልዑልነቱን ማዕረግ ከአገልጋይዋ ስም ጋር ሊያምታታው ይችላል። ስለዚህም በሀዲያ ታሪክ ላይ የሚጽፍ ሰው ይህን ማዕረግ በጠራበት ስፍራ ሁሉ ትርጉሙን አብሮ ማስቀመጥ ይገባዋል፤ የንግሥት እሌኒን አባት ክብር በአንዲት ፊደል ስሕተት ማጣት ቀላል ጥፋት አይደለም።

ያ ሌላው ቃል፣ «ገረድ»፣ ራሱ የሚነገር ታሪክ አለው። በቀደመው ዘመን የቤት አገልጋይ የሆነችን ሴት በቀጥታ የሚጠራ፣ በውልና በኑዛዜ የሚጻፍ የዘወትር ቃል ነበረ፤ ወንዱ «አሽከር» ይባል ነበር፤ አሽከርነትም የጌታን ጋሻና ጦር ተሸክሞ መከተልን ስለሚጨምር ወጣቶች በኩራት የሚናገሩት ነገር እንጂ የሚያፍሩበት አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሁለቱም ቃላት ከጽሑፍ እየወጡ በ«የቤት ሠራተኛ» ተተኩ። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔና ከገጠር ቀበሌዎቻቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደው በሰው ቤት ያደሩ ልጃገረዶች ብዙ ናቸው፤ የሚጠሩበት ቃል ሲለወጥ የሚተኙበት ጥግ፣ የሚበሉበት ሰዓትና የሚከፈላቸው ደመወዝ በዚያው ልክ ስላልተለወጠ፣ «ሠራተኛዋ» የሚለውም ቃል በአንዳንድ ቤት በሚነገርበት ድምፅ የተነሳ የቀድሞውን ቃል ክብደት መሸከም ጀምሯል። ግንኙነቱ ሳይነካ ስሙ ብቻ ሲለወጥ አዲሱ ስም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአሮጌውን መንገድ ይከተላል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዘም ቃል አለ። «ጨዋ» በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በየጠረፉ አገር የሰፈሩትን የንጉሡን የጦር ክፍሎች የሚያመለክት ስም ነበረ፤ ዛሬ ግን ሥነ ምግባር ያለውን፣ ረጋ ያለውን፣ አንደበቱን የሚጠብቀውን ሰው ያመለክታል። በዜና መዋዕል ውስጥ «ጨዋ» በአንድ አገር ላይ ሰፈረ የሚለውን ቃል በዛሬው ትርጉሙ የሚያነብ ሰው፣ ወታደር የሰፈረበትን አገር ደግ ሰዎች የገቡበት አድርጎ ይረዳዋል። «ዜጋ»ም እንዲሁ ነው፤ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ውስጥ በሌላ ሰው መሬትና ሥልጣን ሥር የሚኖረውን ጥገኛ ሰው ያመለክት የነበረው ቃል፣ በ20ኛው መቶ ዓመት የአገር ባለመብት መጠሪያ ሆኖ ከፍ ብሏል።

የሠራዊቱን መስፈር ተከትሎ ከመጡት ቃላት ውስጥ እንደ «ነፍጠኛ» ዕጣው የከፋ የለም። ነፍጥ ጠመንጃ ነው፤ ነፍጠኛም ጠመንጃ የሚይዝ ወታደር ማለት ነበረ፤ የሥራ ስም ነው፤ ስሙ የተጠራበት ሰው ራሱ በደስታ ይቀበለው ነበር። መንግሥት ለዚህ ወታደር ደመወዝ በገንዘብ ስለማይከፍለው በምትኩ እንደ ማዕረጉ የተቆጠሩ ገባሮችን ይመድብለት ነበር፤ «ገባር» ማለትም ግብር የሚገብር ሰው ማለት ሲሆን፣ በደቡቡ አገር በተግባር እህሉን፣ ማሩን፣ ማገዶውንና የሳምንቱን ጥቂት ቀናት ጉልበቱን ለተመደበለት ነፍጠኛ የሚሰጥ ገበሬ ሆነ። በመካከላቸው «ባላባት» ነበረ፤ ይህ ቃል በሰሜኑ አገር የአባት ርስት ያለውን ሰው ሲያመለክት፣ በሀዲያና በከምባታ ግን መንግሥት የተቀበለውን የአገሬውን ሹም፣ ከመሬቱም «ሲሶ»፣ ማለትም ከሦስት አንድ እጅ፣ የሚተውለትን ሰው ያመለክት ነበር። የገባሩ ሥርዓት ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሕግ ተሻረ፤ ቀጥሎ የመጣው የ«ጭሰኛ» ዘመን ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አበቃ።

ሥርዓቱ ሲያበቃ ቃላቱ አልሞቱም። ባላባት በደርግ ዘመን የሚያስከስስ ቃል ሆነ፤ በአንድ የሀዲያ ወይም የከምባታ ቤተሰብ ውስጥ አያቱ ባላባት በመባላቸው የኮሩበት፣ አባቱ ግን ይህንኑ ስም ለመደበቅ የተጨነቁበት ልጅ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ነፍጠኛም ጠመንጃውና ገባሩ ከቀሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ በፖለቲካ መድረክ ላይ ተነሥቶ፣ ቅድመ አያቱ ጠመንጃ ይዞ የማያውቀውን፣ አማርኛ መናገሩ ብቻ የሚታየውን ድሃ ገበሬና የከተማ ነዋሪ ሁሉ የሚመታበት ቃል ተደረገ። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነፍጠኛና ገባር የሚሉትን ቃላት ሳያነሡ የሆሳዕናን አመሠራረት መግለጽ አይቻልም፤ ይህን ያህል አስፈላጊ የሆነ ቃል በጎዳና ላይ ሰው ማሳደጃ በመሆኑ፣ ታሪክ ጸሐፊው ቃሉን በጠራ ቁጥር የዘመኑን ትርጉም ከዛሬው ስድብ የመለየት ግዴታ ወድቆበታል።

የሕዝቦች መጠሪያ ስሞች ጉዳይ ከዚህም የሚጠልቅ ነው። የሀዲያ ሕዝብ ራሱን በቋንቋው ሀዲያ ብሎ ሲጠራ፣ ጎረቤቶቹና ከጎረቤቶቹ ሰምተው የጻፉት ሹማምንት፣ ተጓዦችና ሚሲዮናውያን ግን ለረጅም ጊዜ «ጉዴላ» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ በውጭ አገር የታተሙ የቋንቋ ዝርዝሮችም ይህን ስም ከሀዲይሳ፣ ማለትም ከሕዝቡ ቋንቋ፣ ጎን እንደ ሌላ መጠሪያ አድርገው ሲያትሙት ኖረዋል። ስሙ ሰውየው ለራሱ ያላወጣው፣ ሌላው የለጠፈበት ስም በመሆኑና በገበያም በችሎትም ከንቀት ድምፅ ጋር ሲነገር በመኖሩ፣ ሀዲያዎች ዘንድ ስድብ ሆኖ ቀረ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአማርኛ ብሂል በዚህ ምድር ላይ ሁልጊዜ አልሠራም፤ ብዙ ጊዜ ስምን ያወጣው ጎረቤት ነው፣ ያጸደቀው ደግሞ ጸሐፊ ነው።

የዚህ ስም ጉዳት በስሜት ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም። በጥንቱ ዜና መዋዕል ሀዲያ የሚባል ታላቅ ግዛት ይገኛል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ በተጻፉ ብዙ ወረቀቶች ላይ ደግሞ ጉዴላ የሚባል ሕዝብ ይገኛል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ማብራሪያ ሳይኖር ያነበበ ሰው የመካከለኛው ዘመን ሀዲያ ጠፍቶ ሌላ ሕዝብ የተተካ ሊመስለው ይችላል። ጀርመናዊው የታሪክና የባህል ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመንኛ፣ በ2012 ደግሞ በእንግሊዝኛ ባሳተመው የሀዲያ ታሪክ መጽሐፍ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይህንኑ ክር መቀጠል፣ ማለትም የጥንቱን ሀዲያ ዛሬ ሀዲያ፣ ማረቆ፣ ቀቤና፣ ሀላባ ተብለው ከሚታወቁት ሕዝቦችና ወደ አርሲ ኦሮሞ ከተቀላቀሉ ጎሳዎች ጋር በአፈ ታሪክና በትውልድ ሐረግ ማገናኘት ነበረ። የምሁራንም አጠራር ቢሆን ከዚህ ግራ መጋባት አላመለጠም፤ ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ጥናት ሀዲይሳን፣ ከምባትኛንና ጎረቤቶቻቸውን «ሲዳሞ» በሚል አንድ ስም ሥር ሰብስቧቸው ስለነበር፣ ያን ዘመን የማያውቅ የዛሬ አንባቢ ስለ ከምባታ የተጻፈውን ገጽ ስለ ሲዳማ ሕዝብ የተጻፈ አድርጎ ይወስደዋል።

በአካባቢው ይህ ዕጣ የደረሰው ሀዲያን ብቻ አይደለም። በስተደቡብ ያለው ሕዝብ «ወላሞ» ሲባል ኖሮ ወላይታ የሚለውን የራሱን ስም አስመለሰ፤ በስተምዕራብ ያለው የየም ሕዝብ ደግሞ «ጃንጀሮ» ተብሎ ተጠራ፤ ይህ ስም በአማርኛ ጆሮ የዱር እንስሳ ስም ስለሚያስታውስ ለመሳለቂያ የተመቸ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1613 እና በ1614 በየም በኩል ወደ ከምባታ ተጉዞ የነበረው ኢየሱሳዊው አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ስለ ጉዞው የተወው ወሬም በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ የገባው በዚሁ ስም ነው። የከምባታ ሕዝብ በአንጻሩ በራሱ ስም በመጠራት ዕድለኛ ነበረ ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን በትልልቅ ከተሞች ውስጥ ሸክምና የቀን ሥራ ፍለጋ የመጣውን ሰው ሁሉ በዚህ የሕዝብ ስም የሚጠራ ልማድ ስለነበረ፣ ንጹሑ ስም እንኳ በተናጋሪው አፍ ውስጥ ሊቆሽሽ እንደሚችል ከምባቶች በቅርብ ያውቁታል።

የስሞቹ መመለስ በአንድ ቀን የተደረገ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መንግሥት የብሔረሰቦችን እኩልነት ሲያውጅ የቆዩት የውጭ ስሞች ከራዲዮና ከጋዜጣ መውጣት ጀመሩ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች ውስጥ ሀዲይሳና ከምባትኛ ስለነበሩበት፣ በየቀበሌው ዳስ ውስጥ የተቀመጠ ገበሬ የራሱን ሕዝብ ስም በራሱ አጠራር በፊደል ተጽፎ አየው። ይህን የመሰለ ቀን ለአንድ ሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ፣ ስሙ ከልጅነቱ ጀምሮ በትክክል ሲጠራለት የኖረ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ጉዳዩን ወደ ወንጀል ሕግ አድርሶታል። የቀድሞው ስም በአፋቸው የቀረ ሽማግሌዎች ግን አሁንም አሉ፤ ዕድሜያቸውን በንግድ ሲመላለሱ ያሳለፉ ሰው «ወላሞ ሶዶ» ሲሉ ክፋት አስበው ላይሆን ይችላል፣ የሚሰማቸው ወጣት ደግሞ መሰደቡን ማመኑ ትክክል ነው። የሽማግሌው ልማድ በትዕግሥት የሚታረም ሲሆን፣ ስሙ ስድብ መሆኑን እያወቀ ዛሬ አዲስ አድርጎ የሚያነሣው ሰው ግን በልማድ ሊመካ አይችልም።

እስካሁን የተነሡት ቃላት ከውጭ የመጡ ናቸው። ከውስጥ የበቀለውና ከሁሉም የከበደው «ፉጋ» ነው። ይህ ቃል በሀዲያ፣ በከምባታ፣ በጉራጌና በየም ምድር በሸክላ፣ በእንጨትና በመሳሰለው የእጅ ሥራ የሚተዳደሩትን ማኅበረሰቦች ያመለክታል። በከምባታ ወይም በሀዲያ ጓዳ ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ያየ ሰው ቤቱ በእነዚህ ሰዎች እጅ የቆመ መሆኑን ይረዳል፤ ቡናው የሚፈላበት ጀበና፣ ወጡ የሚሠራበት ድስት፣ ውኃ የሚቀዳበት እንስራ፣ የእንሰት ቂጣ የሚጋገርበት ምጣድ ከእጃቸው የወጣ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ቆፍራ፣ ቀጥቅጣ፣ ከተፈጨ አሮጌ ገል ጋር ለውሳ፣ ያለ መንኰራኵር በእጇ ብቻ እየዞረች ታቆመዋለች፤ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ድንጋይ ፍቃ፣ በሣርና በእንጨት እሳት አቃጥላ ታወጣዋለች፤ የጀበናውን አንገት ሳታጣምም ማቆም ብቻ ዓመታት የሚፈልግ ዕውቀት ነው። ይህን ዕቃ የገዛው ገበሬ ግን ሠሪዋን ወደ ቤቱ አያስገባትም ነበር፤ ከእርሷ ወገን ጋር አይጋባም፣ በአንድ ማዕድ አይበላም፤ መሬትም ብዙውን ጊዜ በችሮታ ካልሆነ በቀር አይሰጣቸውም ነበር።

ፉጋ የሚለው ቃል በዚህ መንገድ የሙያ ስም ከመሆን አልፎ የሰው ልክ መለኪያ ሆነ። ልጅ ሲሰደብ፣ ጋብቻ ሲከለከል፣ ክርክር ሲከር የሚነሣው ይኸው ቃል ሆነ፤ በመሆኑም ዛሬ ማኅበረሰቡ ቃሉን አይቀበለውም፣ በአደባባይ ጽሑፍ ላይም «የእደ ጥበብ ባለሙያዎች» የሚል አጠራር ተተክቶለታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ማረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ያለ ልዩነት መሬት እንዲሰጥ መደንገጉ፣ የወንጌል አብያተ ክርስቲያናትም በአንድ ወንበር አስቀምጠው ማስተማራቸው አንዳንዱን አጥር አፍርሷል። ይሁን እንጂ «የእደ ጥበብ ባለሙያ ልጅ ናት» የሚለው ጨዋ አነጋገር በሽምግልና ላይ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ከተነገረና ጋብቻውን ካስቀረ፣ አሮጌውን ቃል ያስነወረው ግንኙነት አሁንም ቆሟል ማለት ነው። ከቃሉ ይልቅ ጋብቻውን መቁጠር ስለ ለውጡ የበለጠ እውነት ይናገራል።

ስድብ የነበረ ቃል ሲቀል ደግሞ በዚሁ ምድር ታይቷል። በ1920 ዓ.ም. ቶማስ ላምቢ የመሯቸው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ወደ ደቡብ ወርደው ጣቢያ ከከፈቱባቸው የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዷ ሆሳዕና ነበረች፤ ከዚያ የበቀሉት ጉባኤዎች ዛሬ በሀዲያና በከምባታ አብላጫውን ሕዝብ ይዘዋል። «ጴንጤ» የሚለው ቃል ግን ከዚያ ዘግይቶ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተነሡትን የጴንጤቆስጤ ወጣቶች ለማላገጥ የወጣ ቁራጭ ቃል ነው፤ በ1959 ዓ.ም. የተመሠረተችው የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ለመመዝገብ ያቀረበችው ጥያቄ ተቀባይነት ባጣበትና ቀጥሎም በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉባቸው ዓመታት፣ ይህ ቃል ከሥራም ከትምህርት ቤትም የሚያስባርር ክስ ነበረ። ቃሉ በኋላ ጴንጤቆስጤ ያልሆኑትንም ጨምሮ ሁሉንም የወንጌል አማኞች ሸፈነ፤ አማኞቹም በቁጥር በዝተው በአደባባይ ሲቆሙ ራሳቸው አነሡት፤ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ አንድ ወጣት ዛሬ «ጴንጤ ነኝ» ሲል ሃይማኖቱን ከመናገር ያለፈ ነገር የተናገረ አይመስለውም። ቃሉ ከፊደሉ አንዲት አልጎደለችበትም፤ የተለወጠው የሚናገረውና የሚነገርለት ሰው ነው።

ይህን ሁሉ፣ ማለትም አንድ ቃል ለአንዱ ቀላል ለሌላው ከባድ ሊሆን መቻሉን፣ የከምባታና የሀዲያ ሴቶች ከማንም በፊት በሥርዓት ሲያውቁት ኖረዋል። «ባሊሻ» የሚባለው ልማድ፣ ስሙ በጋብቻ የሚመጣን ዝምድና ከሚያመለክት ቃል የወጣ ሲሆን፣ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም እንዳትጠራ ብቻ ሳይሆን፣ ከስማቸው የመጀመሪያ ቀለም ጋር በሚገጥም ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን ሁሉ ከአንደበቷ እንድታወጣ የሚያዝ ነበረ፤ ቀለም ማለት እዚህ ላይ አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ አብረው የሚፈጥሩት የድምፅ ክፍል ነው። ልማዱ በሲዳማም አለ፤ የቋንቋ ምሁሩ አንበሳ ተፈራ የሲዳማውን፣ ጀርመናዊቷ ኢቮን ትራይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው ጽሑፍ የከምባታውን በዝርዝር አጥንተውታል። በደቡብ አፍሪካ የኮሳና የዙሉ ሴቶች «ህሎኒፓ» የሚሉት ተመሳሳይ ልማድ አላቸው፤ በአማራውም ምድር አዲስ ሙሽራ የባሏን ወገኖች በስማቸው ሳትጠራ «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «ወንድምዓለም» እያለች የቤት ስም ታወጣላቸው የነበረው ከዚህ ጋር የሚዛመድ ነው። ባሊሻ ግን ከስም አልፎ ወደ ቋንቋው ሁሉ ዘልቆ የሚገባ ነው።

የአንዲት ሴት አማት ስም «ቡ» በሚል ድምፅ የሚጀምር ቢሆን፣ ቡና የሚለው ቃል ለእርሷ ተዘጋ ማለት ነው፤ ማለዳ ተነሥታ ቡና ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ጎረቤት ስትጠራ፣ ገበያ ወርዳ ስትጠይቅ ስሙን ሳትጠራ ማለፍ ነበረባት። ስለዚህ ሌላ ተመሳሳይ ቃል ትፈልጋለች፣ ወይም ነገሩን በቀለሙና በአገልግሎቱ ትገልጸዋለች፣ ወይም ከጎረቤት ቋንቋ ትበደራለች፣ ወይም ሴቶች ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ተቀብለው ካቆዩዋቸው ልዩ ቃላት አንዱን ታነሣለች። በዚያች ዕለት በዚያው ገበያ አጠገቧ የቆመችው ታናሽ እህቷ፣ ወደ ሌላ ቤት የተዳረች በመሆኗ፣ ቡናን በስሙ ጠርታ ትገዛለች፤ እርሷ ግን በተራዋ ታላቋ የምትለውን ሌላ ቃል አትልም። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ በአንድ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ ሁለት ሴቶች የተከለከለ ቃላቸው የሚለያየው በገቡበት ቤት ብቻ ነበር። በአካባቢው ያሉ ወንዶች ይህን የሴቶች አነጋገር ይረዱታል እንጂ አይናገሩበትም፤ ሕፃናት ግን ከእናታቸው አፍ ሁለቱንም ቃል፣ የነገሩን ስምና የአክብሮቱን ምትክ፣ አብረው ይማሩ ነበር። ልማዱ የሴትን አንገት የሚያስደፋ፣ ሸክሙን በሙሉ በምራቲቱ ላይ የሚጭን ስለመሆኑ መከራከር አያስፈልግም፤ ከዚህ ሸክም ሥር ግን ሴቶቹ የገነቡት የቃላት ሀብት፣ ነገርን በዙሪያው ዞሮ የመግለጽ ችሎታ፣ በየትኛውም መጽሐፍ ቤት የማይገኝ ዕውቀት ነው።

ባሊሻ ዛሬ እየጠፋ ነው። በትምህርት ቤት ያደገች ልጅ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቃል ሁሉ ጮክ ብላ ማንበብ ነበረባት፤ በቤተ ክርስቲያንም መጽሐፉ በመጀመሪያ ቀለም ተመርጦ አይነበብም፤ በዱራሜ፣ በዶዮገና፣ በአንጋጫ ወይም በሆሳዕና ያሉ ወጣት ሚስቶችም የባላቸውን አባት በመዓርግ ከመጥራት ያለፈ ግዴታ የሚሰማቸው ጥቂቶች ናቸው። በገጠሩ ቤት ምድጃ አጠገብ የተቀመጡ አሮጊት ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ በአንደበታቸው ያልጠሩትን ቃል፣ አማታቸው ከሞቱ በኋላ እንኳ፣ አሁንም አይጠሩትም። የልጅ ልጃቸው ጀበናውን እንድታቀርብ ሲያዟት በምትኩ ቃል ይናገራሉ፤ ልጅቱም ቃሉን ስለማታውቀው ቆማ ታያቸዋለች፤ ከዚያም በእጃቸው ያመለክቷታል።